አንድ በር፣ ሁለት ግድግዳ

ሕንፃ በኮምፒውተር የሚነድፍ ሁሉ ይህ ይገጥመዋል። በሩን ቦታው ላይ ያስቀምጣል፤ ፕላኑ ላይ መዝጊያው ተከፍቶ ይታያል። ወደ ስሪዲ ዞር ሲል ግን በውጭ በኩል ድፍን ግድግዳ ቆሞ ያገኛል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ሶፍትዌሩን ይረግማል። ሶፍትዌሩ ግን የታዘዘውን ነው የሠራው። እዚያ ቦታ ላይ ተጎራብተው የቆሙ ሁለት ግድግዳዎች አሉ፤ በሩ የተተከለው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀርቦ በ2002 አውቶዴስክ የገዛው የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌር፣ ሬቪት፣ ለዚህ ችግር ጥሩ መላ አለው። መላውን የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው፤ በደንብ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች።

አንድ ግድግዳ በውስጡ ብሎኬት፣ ልስንና ቀለም ደራርቦ ሊይዝ ይችላል፤ ለተራ ሥራ ይህ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ልባሱ ከብሎኬቱ እኩል በማይሄድበት ቦታ ነው። የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ 2.10 ሜትር ላይ ሊያበቃ ይችላል። የሕንፃው የታችኛው ወለል ድንጋይ ይለብስና ከዚያ በላይ ያለው በልስን ይቀጥላል። በእድሳት ሥራ ደግሞ ነባሩ ግድግዳ እንዳለ ሆኖ አዲሱ ከጎኑ ይቆማል። ጠንቃቃ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ልባስ ራሱን የቻለ ግድግዳ አድርጎ ይሠራዋል። ደግ ያደርጋል፤ ስፋቱም ዋጋውም ለብቻው ይወጣለታል።

መላው ቀላል ነው። "ሞዲፋይ" ውስጥ ገብቶ "ጆይን ጂኦሜትሪ" የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ ሁለቱን ግድግዳዎች ተራ በተራ መንካት። ተጠጋግተው ጎን ለጎን የቆሙ ከሆነ የበሩ ክፍተት ሁለተኛውንም አልፎ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ በሩ ወደ ግራ ቢገፋ፣ ከ80 ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ፣ የሁለቱም ግድግዳ ክፍተት አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይሰፋል።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ ስሕተት አለ። ሁለቱ ግድግዳዎች ተጋጠሙ ማለት አንድ ሆኑ ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ለስሕተቱ ሰበብ የሚሆነው ዓይን ነው፤ የሁለቱ ማቴሪያል ተመሳሳይ ከሆነ ሲጋጠሙ በመካከላቸው ያለው መስመር ይጠፋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ዓይነት፣ የራሱ ውፍረትና በስኬጁሉ (በዝርዝር ሠንጠረዡ) ላይ የራሱ መስመር እንዳለው ይቀጥላል። በሩም አሁንም ባለቤቱ አንድ ነው። ባለቤት የሆነው ግድግዳ ቢሰረዝ በሩ አብሮ ይጠፋል፤ ሌላው ቢሰረዝ በሩ ምንም አይሆንም። የሁለተኛው ግድግዳ ድርሻ ክፍተቱን ማሳለፍ ብቻ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው ሴክሽን ሲቆርጥ ይደነግጣል። የውጭ በርን እንውሰድ፦ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት፣ በውጭ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ። ክፍተቱ 25ቱንም ሴንቲ ሜትር አልፎ ወጥቷል፤ መቃኑ ግን 20ው ላይ ቆሟል። የበሩ ፋሚሊ፣ ማለትም በሩ የተቀዳበት አብነት፣ የሚያነበው የባለቤቱን ግድግዳ ውፍረት ስለሆነ፣ ድንጋዩ ከነመኖሩም አያውቅም። በመቃኑ ዙሪያ የሚዞረው ማስጌጫ እንጨትም ድንጋዩ ፊት ላይ መዋል ሲገባው ወደ ውስጥ ገብቶ ብሎኬቱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። መድኃኒቱ ፋሚሊውን ከፍቶ መቃኑን ወደ ውጭ የሚያስረዝም መለኪያ መጨመር፣ 5 ሴንቲ ሜትሩንም እዚያ መሙላት ነው። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያልሠራው ግን አናጺው ሳይት ላይ በግምት እንዲሞላለት ይተወዋል።

ከዚህ የባሰው በሁለተኛው ግድግዳ ላይ ሁለተኛ በር መትከል ነው። ስሪዲው ያምራል። ስኬጁሉ ግን ለአሥር መታጠቢያ ቤት ሃያ በር ይቆጥራል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። የሁለተኛውን ግድግዳ ቅርጽ በእጅ እየቆረጡ መሸንቆርም አይመከርም፤ በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀዳዳው እዚያው ቀርቶ ይጠብቃል።

የነገሩ ሥር በአይኤፍሲ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 አይኤስኦ 16739 ተብሎ የጸደቀው፣ የሕንፃ ሞዴል ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር የሚሸጋገርበት የፋይል ደንብ ነው። በዚህ ደንብ በር ግድግዳን አይበሳም። ግድግዳውን የሚበሳው ክፍተት ነው፤ በሩ ደግሞ ክፍተቱን ይሞላል። ክፍተት ራሱን የቻለ ነገር ሆኖ ይመዘገባል፤ አንድ ክፍተትም የሚበሳው አንድ አካል ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁለት ግድግዳ ሁለት ክፍተት ያስፈልጋል፣ በሩ የሚቀመጠውም ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ነው። የግንባታን ነገር እንዲህ ለይቶ ማሰብ የሚደነቅ ነው፤ ያልተሞላ ክፍተት፣ ለምሳሌ መዝጊያ የሌለው መተላለፊያም፣ በዚሁ ሥርዓት ቦታ ያገኛል።

ሌሎቹ ሶፍትዌሮችም በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። አርኪካድ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 23ኛ ዕትሙ በአንድ ጊዜ ብዙ አካላትን የሚበሳ የክፍተት መሣሪያ ጨምሯል። ፍሪካድ ለአንድ መስኮት ከአንድ በላይ ባለቤት መመዝገብ ይፈቅዳል። ስኬችአፕ ውስጥ ደግሞ ቀዳዳ የሚከፍት ኮምፖነንት የሚቆርጠው የተለጠፈበትን አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ውፍረት ባለው ነጠላ ግድግዳ ላይ እንኳ የጀርባው ገጽ ድፍን ሆኖ ይቀራል።

የሬቪቱ መላ የማይደርስበት ቦታም አለ። ሁለተኛው ግድግዳ በሊንክ ከመጣ የሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ከሆነ ሁለቱን ማጋጠም አይቻልም። የሊፍት ጉድጓድን የሚከብበው የኮንክሪት ሸር ዎል በስትራክቸር መሐንዲሱ ፋይል ውስጥ ሲሆን፣ በላዩ የሚለጠፈው እብነ በረድ ደግሞ በአርክቴክቱ ፋይል ውስጥ ሲሆን የሚያጋጥመው ይኸው ነው። አርክቴክቱ የሊፍቱን በር እብነ በረዱ ላይ ቢተክል ኮንክሪቱ ድፍን እንደሆነ ይቆያል። ያኔ የክፍተቱን ስፋት፣ ቁመትና ከወለል ያለውን ከፍታ ጽፎ ለመሐንዲሱ መላክ አለበት፤ መሐንዲሱም በራሱ ሞዴል ላይ ይከፍተዋል፣ በዙሪያው የሚጨመረውን ብረትም ያሰላል።