ለመርከብ የሚዞር የባቡር ድልድይ

ባቡር አቀበት መውጣት ስለሚከብደው የባቡር ድልድይ ብዙ ጊዜ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ ይሠራል፤ ዝቅ ያለ ድልድይ ደግሞ የመርከቦችን መተላለፊያ ይዘጋል። ይህን ችግር ለመፍታት ከተፈለሰፉት ዘዴዎች አንዱ ዟሪ ድልድይ ሲሆን፣ አንዱ ክፍሉ በወንዙ መካከል በቆመ ምሰሶ ላይ ተቀምጦ እንደ በር ወደ ጎን የሚዞር ነው። የዚህ ክፍል ሁለት ክንዶች እንደ ሚዛን ስለሚተካከሉ፣ ያን ሁሉ ብረት ማንሳት ሳያስፈልግ ማዞር ብቻ ይበቃል፤ የጥበቡ ውበትም እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ አይዋንና ኢሊኖይን የሚያገናኘውና እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1927 የተከፈተው የፎርት ማዲሰን ድልድይ በላይኛው ወለሉ መኪና፣ በታችኛው ባቡር ያሳልፋል፤ ዟሪው ክፍል 525 ጫማ፣ ማለትም 160 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በዚያ ወንዝ ላይ አንድ ገፊ ጀልባ ባርጅ የሚባሉ 15 ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎችን፣ እያንዳንዳቸው 1,500 ቶን ገደማ እንደጫኑ፣ አንድ ላይ አስሮ ይነዳል፤ ይህን የሚያህል ጭነት በወራጅ ውኃ ላይ በቶሎ ማቆም ስለማይቻል፣ በመርህ ደረጃ ቅድሚያው የጀልባው ነው፣ ባቡሩም ይጠብቃል።

ይሁንና የመካከሉ ምሰሶ ራሱ መተላለፊያውን ያጠባል። በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ በዊላሜት ወንዝ ላይ በ1908 የተሠራው የባቡር ድልድይ ዟሪ ክፍል በ1989 ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በሚነሳ ክፍል የተተካው መርከቦች ሰፋ ያለ መንገድ እንዲያገኙ ነው።