አንድ ፎቶ ለማንሳት አንድ ሌሊት

ሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብ እንዳለ ያውቃሉ? ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከ100 በላይ ለሚሆኑ ሀገራት አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጡላቸው ጋብዞ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባሉ፤ ስማቸውም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። ወደፊት ሌሎች ፕላኔቶች ከተገኙ ቶና እና በረካ ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው ማለት ነው።

ይህን ለዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ስነግራት ወዲያው «አክስቴ፣ የአቦልን ፎቶ አሳዪኝ» አለችኝ። ፎቶዋ ግን የለም። አቦል መኖሯ የታወቀው ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ስለምትጎትተው፣ በኮከቡ ብርሃን ላይ በሚታየው ጥቃቅን ለውጥ ነው። በምትኩ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ፎቶ አሳየኋት፤ ቡናም አንድሮሜዳም ከእኛ ሲታዩ በአንድ የሰማይ ሰፈር ውስጥ ናቸው። ፎቶውን ለማንሳት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያድሩ ስነግራት ደግሞ «ለአንድ ፎቶ?» ብላ ሳቀች።

እኔም የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ በእኛ ቤት ፎቶ ማለት በአንድ ከሰዓት ሁለት መቶ ተነስቶ ምርጡ የሚመረጥበት ሥራ ነው። ስለዚህ ጥያቄዋ የእኔም ሆነ። አንድ ሌሊት የሚፈጀው ምኑ ነው?

ሲኒና ሳፋ

ከአዲስ አበባ በላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ብዙ ከደከመበት በኋላ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት።

ብዙዎቻችን ቴሌስኮፕ ሲባል ሩቁን የሚያቀርብ ትልቅ መነጽር ይመስለናል። ያቀርባል፤ ዋና ሥራው ግን ብርሃን መሰብሰብ ነው። ዝናብ ሲዘንብ አንዱ ደጅ ላይ ሲኒ ቢያስቀምጥ ሌላው ሳፋ ቢያስቀምጥ ማን ብዙ ውኃ እንደሚያገኝ ግልጽ ነው። በጨለማ የዓይናችን ብሌን የሚከፈተው ቢበዛ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። የ1 ሜትር መስታወት ከዚያ በ20 ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይቀበላል። በዚያ ላይ ዓይን ያየውን ወዲያው ሲያልፈው ካሜራ ለደቂቃዎች እየቀዳ ያጠራቅማል።

የእንጦጦን ሰማይ ክረምት ይዘጋዋል። ደመናው ከተገፈፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ግን የሥራ ወራት ናቸው። ሌላም መልካም ዕድል አለን፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ከአንድ ቦታ እናያለን። አውሮፓ ያለ ባለሙያ የደቡብ መስቀልን ለማየት አውሮፕላን መሳፈር አለበት፤ እኛ ወቅቱን ጠብቀን ወደ ደቡብ ቀና ማለት ይበቃናል።

ከዚህ በታች የምተርከው ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ይዞ ለፎቶ የሚያድር ሰው የሚያልፍበትን አንድ የኅዳር ሌሊት ነው። የመሣሪያው ዓይነት ከቦታ ቦታ ቢለያይም ዋና ዋናው ሥራ እንጦጦም ሆነ ሌላ ሀገር አንድ ነው።

ሌሊቱ የሚጀምረው በቀን ነው

ከቀኑ 10 ሰዓት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ሥራው ግን ተጀምሯል። መጀመሪያ የአየሩ ሁኔታ ይታያል፦ ደመና፣ ንፋስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርጥበት። እርጥበቱ ወደ 90 በመቶ ከተጠጋ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ ጉልላቱ አይከፈትም። ጤዛ መስታወቱ ላይ ካረፈ ጣጣው ብዙ ነው። መስታወቱን መስታወት የሚያሰኘው ላዩ ላይ የተቀባው የአሉሚኒየም ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥር ሺሕኛ ያህል ነው። የፀጉራችን አንድ ዘለላ ከዚህ ሽፋን በመቶዎች እጥፍ ይወፍራል። ስለዚህ መስታወቱ ላይ አቧራ ቢታይም በጨርቅ አይነካም። የቤቷ ንጽሕና የሚያንገበግባት እናት ቴሌስኮፕ ቤት ብትገባ መጀመሪያ የምትከለከለው ይህንኑ ነው! ትንሽ አቧራ ጥቂት ብርሃን ይከለክላል፤ ጭረት ግን አይለቅም።

ቀጥሎ ጉልላቱ ተከፍቶ ውስጡ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ምክንያቱን ለማወቅ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ከነደደው ከሰል በላይ ያለውን ግድግዳ ይመልከቱ፤ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጠው ግድግዳው ሳይሆን በመካከል ያለው ሙቅ አየር ነው። ቀን ሙቀት ያጠራቀመ ወፍራም መስታወትም ሌሊት ላይ እንደ ከሰል ምድጃው አየሩን ያንቀጠቅጣል፤ ነጥብ መሆን የነበረበት ኮከብ የተድበሰበሰ ክብ ሆኖ ይወጣል።

ካሜራውም ይቀዘቅዛል፤ እርሱ ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ። ሙቀት ብቻውን ካሜራው ውስጥ የሌለ ብርሃን ያለ ያስመስላል። በእያንዳንዱ 6 ወይም 7 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይህ የውሸት ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጥድፊያው ይመጣል። ቴሌስኮፑ ኮከብ አልባ ወደሆነው፣ ገና ወደሚያበራው የምሽት ሰማይ ይዞርና ባዶ ሰማይ ይነሳል። ለምን ቢሉ፣ ባዶው ሰማይ ወጥ መሆን ስላለበት ነው። ፎቶው ላይ ጠቆር ያለ ክብ ከታየ የአቧራ ጥላ ነው፤ ጠርዙ ከደበዘዘም የመሣሪያው ጠባይ ነው። «ፍላት» የሚባለው ይህ ፎቶ በኋላ እውነተኛውን ምስል ለማረም ያገለግላል። ችግሩ ጊዜው ነው፤ ሰማዩ ለዚህ የሚመችበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በእኛ ሀገር ፀሐይ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ምሽቱ እንደ አውሮፓ አያዘግምም፤ ድንገት ይጨልማል። በየቀለሙ ፊልተር ፍላት ማንሳት ያለበት ባለሙያ በዚህ ሰዓት ስልክ ቢደወልለት አያነሳም።

ከዚያ መዝጊያው ተዘግቶ ጨለማው ራሱ ፎቶ ይነሳል። ለ5 ደቂቃ ኮከብ የሚነሳ ከሆነ ለ5 ደቂቃ ጨለማ ይነሳል፤ ካሜራው ከራሱ የፈጠረው ነገር ተለይቶ እንዲቀነስ ነው። ይህ ነገር ለእኔ በጣም ደስ የሚል ነው። እኛ ፎቶ የምናሳምረው ነገር በመጨመር ሲሆን፣ እነርሱ ግን እውነት ያልሆነውን እየቀነሱ ነው።

ምድርን መከተል

በኅዳር ፀሐይዋ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። ሰማዩ በእውነት ጨለመ የሚባለው ግን ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትወርድ ነው፤ ይህም ምሽት 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል። አንድሮሜዳ በሰሜን በኩል ከፍ የምትለው 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ይህም ትርጉም አለው። አንድ ነገር ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሲሆን ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ከአናታችን በላይ ካለው እጥፍ ነው። ስለዚህ ጥሩ የሌሊት ዕቅድ ማለት እያንዳንዱን ነገር ከፍ ባለበት ሰዓት የሚያገኝ ነው። ጨረቃም በዕቅዱ ውስጥ አለች፤ ሙሉ ጨረቃ ለፍቅረኞች እንጂ ለደብዛዛ ጋላክሲ አትመችም።

ቴሌስኮፑ በአንድ የታወቀ ደማቅ ኮከብ ላይ ተነጣጥሮ አቅጣጫው ይረጋገጣል። ከዚያ ፎከስ፦ ኮከቡ ከሁሉም ያነሰ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ወደፊትና ወደኋላ ይሞከራል። ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የመሣሪያው አካል ስለሚኮማተር ፎከሱ ይሸሻል፤ በየጊዜው እንደገና ይስተካከላል።

ምድር በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ዲግሪ ትዞራለች። በ2 ደቂቃ አንድ ኮከብ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ከቦታው ይሸሻል ማለት ነው። ቶን የሚመዝነው መሣሪያ ይህን ሳይንቀጠቀጥ መከተል አለበት፤ አንድ ሌላ ኮከብ እንደ ምልክት ተይዞ ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ያርመዋል። ካልሆነ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሰረዝ ይሆናሉ።

አሁን ማንሳት ይጀመራል። የሳይንስ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ቀለም አያውቅም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። በቀይ ፊልተር፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ ለየብቻ ይነሳና በኋላ ይዋሃዳል። አንድ ጊዜ ብቻም አይበቃም። የፎቶውን ጥራት እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ጊዜ ማንሳት ያስፈልጋል፤ አራት የነበረው አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስቱ ስልሳ አራት ይሆናል። የእህቴ ልጅ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው፤ ሌሊቱን የሚበላው ይህ ስሌት ነው። አንድሮሜዳ ደግሞ ሰማይ ላይ የስድስት ጨረቃ ያህል ርዝመት ስላላት ባለ 1 ሜትሩ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያየው የተወሰነ ክፍሏን ነው። ሙሉዋን ለማንሳት ትንሽ ቴሌስኮፕ ይሻላል፤ ትልቅ ሁሉ ለሁሉም አይሆንም።

እስከዚያው ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ምን ይሠራሉ? ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ደመናን፣ እርጥበትንና ፎከስን ይጠብቃሉ፤ የሆነውን ሁሉ በሰዓቱ ይመዘግባሉ። የእንጦጦን የኅዳር ብርድ ለሚያውቅ ጋቢ እንደሚያስፈልግ መንገር አያሻም። ንጋት ሲል ፍላት ይደገማል፣ መስታወቱ ይሸፈናል፣ ጉልላቱ ይዘጋል፣ ፋይሎቹ ሁለት ቦታ ይቀመጣሉ።

ከዚያ የሚገኘው ብርሃን ከአንድሮሜዳ የተነሳው የዛሬ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ድንቅነሽ ከሞተች ብዙ ዘመን አልፏል፤ አፋር ጎና ላይ ግን በዚያ ዘመን አቅራቢያ ድንጋይ እየጠረቡ መሣሪያ የሚሠሩ እጆች ነበሩ። ያ ሁሉ መንገድ የመጣ ብርሃን የመጨረሻዋን አንድ ሰከንድ ተጉዞ ሲጨርስ ነው የእኛን መብራት የሚያገኘው።

የግቢያችን መብራት

እንጦጦ ሲመረጥ ለከተማው ቅርብ መሆኑ ለተማሪና ለተመራማሪ ምቹ ነበር። ያው ቅርበት ግን ዋጋ ያስከፍላል። አዲስ አበባ እየሰፋች፣ እየደመቀች ነው። ከታች የሚወጣው ብርሃን አየርና አቧራ ላይ እየተበተነ ሰማዩን ያነጣዋል። እኩለ ቀን ላይ ጧፍ ማብራት እንደማለት ነው፤ ጧፉ አልጠፋም፣ ግን አይታይም። ለዚህም ነው ላሊበላ አካባቢ ያሉት ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች ለወደፊት ኦብዘርቫቶሪ ሲታሰቡ የቆዩት። ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከዓለም ሕዝብ ከሦስት አንዱ በላይ ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት እንደማይችል አሳይቷል።

መብራት ይጥፋ የሚል ሰው የለም። ማታ ከሥራ ስመለስ መንገዱ ቢበራልኝ የምወድ ሴት ነኝ። ነገር ግን ግቢ ውስጥ ወደ ሰማይ ያቀና ፓውዛ ሌባን ሳይሆን ደመናን ነው የሚያሳየን፤ ይባስ ብሎ ዓይናችንን ስለሚያጥበረብር ከአጥሩ ሥር የቆመውን ሰው ይደብቅልናል። ፓውዛውን ወደ መሬት ማዞር፣ ከላዩ ክዳን ማድረግ፣ ሰማያዊ ከሚመስለው ነጭ አምፖል ይልቅ ቢጫማውን መምረጥ (ሰማያዊ ብርሃን አየር ላይ ይበልጥ ይበተናል)፣ ሰው ሲመጣ ብቻ የሚበራውን መግጠም፤ ይኸው ነው። ቢልቦርዶቻችንም ከታች ወደ ላይ ከሚበራባቸው ከላይ ወደ ታች ቢበራባቸው ማስታወቂያው እኩል ይነበባል። ይህን የምለው ከሙያው ውስጥ ሆኜ ነው።

ከልጆችዎ ጋር መሞከር ከፈለጉ ቴሌስኮፕ መግዛት አያስፈልግም። ጨረቃ የሌለችበትን የኅዳር ወይም የታኅሣሥ ምሽት ይምረጡ፤ ከከተማ ወጣ ካሉ ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚያ መካከል ማንም ስልክ አይክፈት። ከዚያ ስልኩን ሁለት መጻሕፍት መካከል አቁሙት፣ የሌሊት ፎቶ ማንሻውን አስመርጡት፣ ስትነኩት እንዳይነቃነቅ የ3 ወይም የ10 ሰከንድ መቁጠሪያውን አስጀምሩና እጃችሁን አንሱ። ሦስቱ የኦሪዮን ከዋክብት ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ናቸው፤ በኅዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ተደርድረው ይታያሉ። ብርድ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳልና ስልኩን ሞልታችሁ ውጡ።