ተጨማሪ መረጃ፦ የእግረኛ መንገድ ወጣ ገባ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ለምሳሌ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው አሰንዳቦ በግልገል ጊቤ ተፋሰስ ውስጥ ናት። በአካባቢው ከቀይ አፈር ሌላ፣ በዝቅተኛው ሜዳ ላይ መረሬ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ይገኛል። መረሬ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በላዩ የተነጠፈ ኮንክሪት ወይም ኮብልስቶን አንዱ ጎኑ ይነሳል፣ ሌላው ይሰምጣል። የዛፍ ሥርና የተደፈነ የጎርፍ ቦይም ጉዳቱን ያባብሳሉ።

ስንራመድ ወደ ፊት የሚያልፈው እግራችን ጣት ለመሬት በጣም በሚቀርብበት ቅጽበት ከፍ የሚለው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ ትንሽ ጠርዝ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ዓይነ ስውራንን ሊጥል፣ ተሽከርካሪ ወንበርንም ሊያስቆም ይችላል። በአሜሪካ የተደራሽነት ደረጃ መሠረት ከ6.4 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት ያለው ጠርዝ በተዳፋት መስተካከል አለበት፤ ከ13 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ መወጣጫ ያስፈልገዋል።

የጥገና መንገዶች
• ትንሽ ጠርዝ፦ በመፍጫ ማሽን ይላጋል።
• የሰመጠ ኮንክሪት፦ ተበስቶ ከሥሩ የሲሚንቶ ድብልቅ በግፊት ይሞላል።
• የተሰባበረ ኮንክሪት፦ ተነስቶ እንደ አዲስ ይሞላል።
• ኮብልስቶን፦ ድንጋዩ ይነሳል፤ መረሬው ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ይተካና ይጠቀጠቃል፤ አሸዋ ተነጥፎ ያው ድንጋይ ይመለሳል።

ውሃው መውረጃ ካላገኘ ግን የትኛውም ጥገና አይዘልቅም።

ተግባር፦ ከትምህርት ቤታችሁ ደጅ ባለው መንገድ ላይ የጠርዞችን ከፍታ በማስመሪያ ለኩ። የትኛው ጥገና ይስማማቸዋል? ለምን?