የርችቱ ሌሊትና የእኛ ስንክሳር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ቡና እስኪፈላ በመጠበቅ ላይ ሳለሁ፥ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና፥ «ጋሼ፥ ይኼ እውነት ነው?» ሲል ከቴሌግራም የደረሰውን አንድ ጽሑፍ አሳየኝ። ጽሑፉ የእግር ኳስ ተጫዋቹ ማሪዮ ባሎቴሊ በማንቸስተር ሲቲ በነበረበት ዘመን በገና ሰሞን የገና አባትን ቀይ ልብስ ለብሶ፥ መኪናውን እያሽከረከረ በየመንገዱ ለሚያገኛቸው ነዳያን ገንዘብ ይመጸውት እንደ ነበረ፥ ደግሞም እናቱ የልብስ መተኰሻ ጠረጴዛ እንዲገዛ ብትልከው ትራምፖሊን አስጭኖ እንደ ተመለሰ ይተርካል። ባሎቴሊ ለሲቲ ሲጫወት ልጁ ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ ታሪኩን ግን ከእኔ አሳምሮ ያውቀዋል። ጥያቄው አጭር ቢሆንም ሳምንቱን ሁሉ ሲመላለስብኝ ሰነበተ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ወሬ ወደ አማርኛ እየመለሱ እንጀራ ከበሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን፥ ካላመለከትሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስሟን በማልጠራት አንዲት የስፖርት ጋዜጣ በተርጓሚነት ተቀጥሬ ሳለሁ፥ ማለዳ ወደ ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ፤ የእንግሊዝን ጋዜጦች አንድ በአንድ እየገለጥሁ ለአንባቢ ይጥማል ያልሁትን በወረቀት አስወጥቼ፥ አጥፌ በኪሴ ከትቼ ወደ ዝግጅት ክፍል እሄድና እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ዐምድ ሞልቼ አስረክባለሁ። የጨዋታው ዘገባና የዝውውሩ ዜና የባልደረቦቼ ድርሻ ሲሆን፥ ለእኔ የደረሰኝ ከሜዳ ውጪ ያለው ነገር ነበር፤ ይኸውም ማን በፍጥነት አሽከርክሮ ተቀጣ፥ ማን ከምሽት ክበብ ሲወጣ ተጣላ፥ የማን ጎረቤት በሙዚቃ ጩኸት ተማረረ የሚለው ነው። አዘጋጃችን ይህን ዐምድ «ቅመም» ይለው ነበር፤ እኔም ቅመሙ በዛ ተብዬ አንድ ቀን ስንኳ ተወቅሼ አላውቅም።

ኦክቶበር 22 ቀን 2011፥ ለቅዳሜ አጥቢያ፥ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፥ ሞትራም ሴንት አንድሩ በምትባል የቼሻየር መንደር ባሎቴሊ ከሚኖርበት ቤት፥ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በኩል ርችት ሲተኰስ እሳት ተነሥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጠሩ። ርችቱን የለኰሰው ጓደኛው እንጂ እርሱ እንዳልሆነ ባሎቴሊ በኋላ ተናግሯል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከሳምንት በላይ ባልተነገረለት ነበር፤ ዳሩ ግን በማግስቱ ሲቲ በኦልድ ትራፎርድ ከዩናይትድ ጋር ይጫወት ነበርና፥ አሠልጣኙ ሮቤርቶ ማንቺኒ ባሎቴሊን አሰለፈው።

ዕለቱ በእኛ ጥቅምት 12፥ የወርኃዊው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ስለ ነበረ ቀኑን አልዘነጋውም። ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት፥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን፥ ጀርባ በሌለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል። ከፊት ለፊቴ የዩናይትድን ቀይ ሻርፕ በአንገቱ የጠመጠመ አንድ ጐልማሳ፥ «ቤቱን ያቃጠለው ይኼ ነው?» እያለ በጣቱ ይጠቁማል። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ባሎቴሊ ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ማእዘኑ ሰደዳት፤ አገባና አልሮጠም፥ አልጨፈረም፤ ማልያውን ወደ ላይ ገልቦ፥ ፊቱ እንደ ተኰሳተረ፥ ከውስጥ የለበሰውን ጽሑፍ ለሕዝቡ አሳየ። ቤቱ በሙሉ፥ «ምን ይላል? ምን ይላል?» ብሎ ጮኸ። የእንግሊዝኛው ሥራ የእኔ አይደለም? ተነሥቼ፥ «ለምን ሁልጊዜ እኔ? ይላል!» ስል፥ ባለ ሻርፑ ሰውዬ ሳይቀር፥ አግዳሚው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቅን። ሲቲ 6 ለ 1 አሸነፈ፤ ከስድስቱም ሁለቱ የባሎቴሊ ነበሩ። ጽሑፉን ያተመለት የክለቡ የትጥቅ ኀላፊ ሌስ ቻፕማን ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ባሎቴሊ ስለ ርችት ጥንቃቄ የማንቸስተርን ወጣቶች የሚያስተምር ዘመቻ አምባሳደር ሆኖ ቀረበ፤ ይህም እንደ ቀልድ ይነገራል እንጂ ፍጹም እውነት ነው።

እኔም በሳምንቱ ዕትም ላይ፥ «ቪላው ዶግ አመድ ሆነ» ብዬ ጻፍሁ። ያነበብሁት እንግሊዝኛ የሚናገረው ስለ መታጠቢያ ቤት ነበር። ቪላውን ማን ጨመረው? እኔ። ዶግ አመዱንስ? እርሱንም እኔ። ለምን እንዳደረግሁት በጊዜው ብጠየቅ፥ «አማርኛው እንዲያምር ነው» ባልሁ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም ማንም አንባቢዬ ያን ቤት ሄዶ ሊያየው የማይችል መሆኑን አስቀድሜ ማወቄ ነው።

የሰፈር ጋዜጣ ከእኛ የሚለየውም በዚህ ነው። ማንቸስተር ኢቭኒንግ ኒውስ ከ1868 ጀምሮ ለዚያች ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ የሚታተም ጋዜጣ ነው። እንዲህ ያለው ጋዜጣ፥ እገሌ የተባለው ተጫዋች በእገሌ መንገድ ላይ መኪናውን ከአጥር ጋር አላተመ ብሎ ሲጽፍ፥ አጥሩ የእርሱ የሆነው ሰው ያነበዋል፤ የመኪና ጎታቹ ያነበዋል፤ የተጫዋቹን ጠጕር የሚያስተካክለው ጸጕር አስተካካይም ለደንበኞቹ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ጸሐፊው ጥቂት ቢያጋንን በማግስቱ ስልክ ይደወልለታል፥ ወይም ዳቦ ሊገዛ በወጣበት ይወቀሳል። ስለዚህ በሰፈር ወሬ ላይ የሚሠለጥነው ከሕጉ ይልቅ ይሉኝታ ነው፤ የሰፈር ሰው ሁሉ የወሬው ምስክር ነውና። ያው ወሬ ወደ ለንደን ሲሄድ ከምስክሮቹ ግማሹን ይጥላል፤ ከለንደን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣም የቀሩትን ጥሎ፥ መንገድ ላይ ያገኛቸውን አዳዲስ ጌጦች ተሸክሞ ይገባል።

ሁሉም ወሬ አንድ ዐይነት አይደለም፤ ጎረቤት ከሚመሰክርለት የሰፈር ወሬ ቀጥሎ ሁለተኛው ዐይነት ከፍርድ ቤት የሚወጣው፥ መዝገብ ያለው ነው። በእንግሊዝ አገር ትንንሹ ጥፋት የሚታየው ማጅስትሬት በሚባለው ፍርድ ቤት ሲሆን፥ ዳኞቹ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኛ የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ ችሎቱም ግልጽ ስለ ሆነ ጋዜጠኛ ከኋላ ተቀምጦ የመስማት መብት አለው። የሰፈር ጋዜጦች የተከሳሹን ስም ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንና የሚኖርበትን መንገድ ጭምር የሚያትሙት ለሐሜት አይደለም፤ በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ንጹሕ ሰው በጥፋተኛው ስም እንዳይወቀስ ነው። ዴቪድ ቤካም በ2018 ለንደን ውስጥ ቤንትሌይ መኪናውን እየነዳ ስልክ ሲነካካ አንድ መንገደኛ ፎቶ አንሥቶት፥ በሜይ 2019 በብሮምሊ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ቀድሞ በነበረበት ስድስት የቅጣት ነጥብ ላይ ስድስት ተጨምሮበት ዐሥራ ሁለት ስለ ሞላ ለስድስት ወር መንጃ ፈቃዱ ታገደ፥ 750 ፓውንድም ተቀጣ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ ይኸው ሰው፥ በሰዓት 40 ማይል በተፈቀደበት መንገድ 59 ማይል ማሽከርከሩ ሳይካድ፥ የክስ ማስጠንቀቂያው ከተወሰነው 14 ቀን አንድ ቀን ዘግይቶ ስለ ደረሰ ብቻ ከቅጣት ድኖ ነበር። ሰር አሌክስ ፈርጉሰንም ሦስቱን ዋንጫ ባነሣበት በ1999፥ በአውራ ጎዳና ላይ በተከለከለው ጠርዝ በኩል ነድቷል ተብሎ ቢከሰስ፥ ሆዱን ክፉኛ አሞት መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ይጣደፍ እንደ ነበረ ለበሪ ፍርድ ቤት አስረድቶ ነጻ ወጥቷል። የአንድ ትልቅ አሠልጣኝ የሆድ ሕመም በግልጽ ችሎት ሲተነተን መስማት ያሳቅቃል፤ ነገር ግን ቃሉ መዝገብ አለው፥ ዳኛ አለው፥ የሰማውም ጋዜጠኛ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ እዚያው ነበረ።

የእኛ አማርኛ ታዲያ እዚህ ላይ ጉድ ያደርገናል። የመጽሐፍ መምህራን አንድን ኃይለ ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ እንደሚያፍታቱት፥ «ባሎቴሊ ተቀጣ» የሚለውን አርእስተ ዜና ብንተረጉመው፥ አንድም ፍርድ ቤት ቀጣው፤ አንድም ክለቡ ከደመወዙ ቈረጠበት፤ አንድም መኪናውን በማይቆምበት ቦታ አቁሞ ወረቀት ተለጠፈበት ማለት ይሆናል። በማርች 2011 በልምምድ ማዕከሉ ከፎቅ መስኮት ሆኖ ወደ ወጣት ተጫዋቾች የዳርት ፍላጻ በመወርወሩ የቀጣው ክለቡ ነበር፤ እኔ ግን «ተቀጣ» ብዬ ተውሁት፤ አንባቢው በካቴና ታስሮ ዳኛ ፊት ሲቆም ታየው። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ አንድምታውን ግን አውቄ ዘጋሁት።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ዐይነት ወሬ ነው፤ መዝገብም ጎረቤትም የሌለው፥ «ለተጫዋቹ ቅርብ የሆነ ምንጭ» ብቻ የተናገረው። የገና አባቱ ታሪክ ከዚህ ወገን ነው። በ2012 የሲቲ ደጋፊ የሆነው ሙዚቀኛ ኖኤል ጋላገር ለቢቢሲ ባደረገለት ቃለ ምልልስ ላይ ባሎቴሊ ራሱ አስተባብሎታል፤ ይሁን እንጂ ማስተባበያው እንደ ወሬው እግር አላወጣም፤ እኔም አልተረጐምሁትም፤ ቅመም የለውማ! «ቅርብ ምንጭ» የሚባለውም አንዳንድ ጊዜ ምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገና መገለጡ ነበር፤ ከ1843 ጀምሮ ሲታተም የኖረው ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የሰዎችን የስልክ ድምፅ መልእክት በስውር ያስጠልፍ እንደ ነበረ ታውቆ በጁላይ 2011 ተዘጋ፤ ከተጠለፉትም አንዱ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር መሪ ጎርደን ቴይለር ነበረ።

የእህቴን ልጅ ለማስረዳት የተቸገርሁት ግን ይህ ሁሉ ጠፍቶኝ አይደለም። «የማይመስል ከሆነ ሐሰት ነው» ብዬ ቀላል መለኪያ ልሰጠው አሰብሁና፥ በኦክቶበር 2010 ባሎቴሊ ከወንድሙ ጋር ብሬሻ ውስጥ በሩ ተከፍቶ ስላገኙት ብቻ መኪናቸውን ወደ ሴቶች ወኅኒ ቤት ነድተው መግባታቸውና በጠባቂዎች መያዛቸው ትዝ አለኝ። እርሱ ደግሞ እውነት ነው። እውነተኛው ከሐሰተኛው ይልቅ የማይመስል ሲሆን፥ ቀኖናውን ከአዋልዱ በምን ይለዩታል? በስንክሳር እንኳ ለየዕለቱ የተወሰነ ንባብ አለ፤ እኛ ለባሎቴሊ የጻፍንለት ስንክሳር ግን ተአምሩ ከገድሉ በዝቶ፥ በሳምንት አንድ ጊዜ ካልተጨመረበት የማይጠግብ ሆነ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ቶሎ ልናገረውና ልለፈው። ባሎቴሊ በ1990 ፓሌርሞ ውስጥ ከጋናውያን ወላጆች ተወልዶ፥ በብሬሻ አጠገብ ያለ የኢጣልያ ቤተሰብ በማደጎ ያሳደገው፥ ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስም የተወለደበትን አገር ዜግነት ያላገኘ ልጅ ነው፤ በኢጣልያ ሜዳዎችም በቆዳው ቀለም ምክንያት በዘፈን ተሰድቧል። ጋዜጦቹ እንደ ትልቅ ሕፃን፥ ልብ እንደሌለው ሞኝ አድርገው ሲሥሉት፥ ጥቁሩ ሰው በጥቁሩ ሲስቅ የሚያሳፍር መሆኑ በካዛንቺሱ አግዳሚ ላይ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ለእኔ ትዝ ያለኝ አሁን፥ ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ቡናው ፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ፥ «የገና አባቱ ውሸት ነው፤ ራሱ አስተባብሏል» አልሁት። ፊቱ ላይ ቅሬታ አየሁ። እንዳይከፋው ብዬ ስልኩን ተቀበልሁትና የሜይ 13 ቀን 2012ን ጨዋታ ፈልጌ አሳየሁት፤ ሲቲ ከኪውፒአር ጋር፥ መደበኛው ሰዓት አልቆ በተጨመረው ደቂቃ። አጉዌሮ ኳሷን ለባሎቴሊ ሰጠ፤ ባሎቴሊ ተከላካይ ተደግፎት ሚዛኑን ስቶ ሲወድቅ፥ መሬት ላይ ሳለ በእግሩ ጫፍ ገፍቶ መለሰለት፤ አጉዌሮ አገባ፤ ሲቲ ከ44 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። «ቪዲዮውን ስንት ጊዜ አይተኸዋል?» አልሁት። «መቶ ጊዜ» አለ። «ያቀበለውን ታውቀው ነበር?» ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ፥ በጣቱ አስፍቶ፥ የወደቀውን ሰው ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ለሲቲ በፕሪሚየር ሊግ ባደረጋቸው ጨዋታዎች ሁሉ ለጎል ያቀበላት ኳስ ያቺ አንዲት ብቻ እንደ ሆነች ነገርሁት።

ልጁ ዝም ብሎ ቈየና፥ ስኒውን እያስቀመጠ፥ «እሺ ጋሼ» አለ፥ «ትራምፖሊኑስ?»