ወደ አርታ ዳርቻ የሚመጣው ነጠብጣባም ዓሣ

ከጅቡቲ ከተማ ሰፈር ከባልባላ ተነስቶ በፒኬ 12 በኩል ወደ ድንበሩ ወደ ጋላፊ የሚዘልቀውን መንገድ የኢትዮጵያ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጠንቅቀው ያውቁታል። በመንገዱ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ አርታ የሚገነጠለውን ግን ብዙዎቹ ዞር ብለው አያዩትም። ከጅቡቲ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከተራራ ግርጌ፣ የአርታ ዳርቻ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ፣ ዌል ሻርክ፣ እዚህ እስከ ዳርቻው ድረስ ይጠጋል።

ሻርክ ሲባል መፍራት ያለ ነው። ይህ ግን ሰው አይበላም። በአፉ ውስጥ 3,000 ያህል ጥርስ ቢኖረውም ጥርሶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ለመንከስም ለማኘክም አይጠቀምባቸውም። አፉን ከፍቶ ውኃውን ይስባል፣ ስንጥቡም ፕላንክተኑንና የዓሣ ዕንቁላሉን አጣርቶ ያስቀርለታል። ነፋሱ ተለውጦ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በፕላንክተን ሲሞላ ምግቡን ተከትሎ ይመጣል። አንዳንዴ ባለበት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ሲመጠምጥ ይታያል።

ስለ ባሕር ጠለቃ ያነበበ ሰው ከዌል ሻርክ ሌላ ኬልፕ ስለሚባለው የካሊፎርኒያና የኬፕ ታውን የባሕር ደን ሰምቶ ይሆናል። ጅቡቲ ላይ ያንን መፈለግ ከንቱ ነው። ኬልፕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈልጋል፤ የታጁራ ባሕር ግን በጥር እንኳ 25 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የሚገርመው፣ ኦማን ውስጥ በዶፋር ዳርቻ የክረምቱ ነፋስ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያወጣ ኬልፕ ይበቅላል። ጅቡቲ በፋንታው ኮራል አላት፣ ዌል ሻርክም አላት።

ዌል ሻርኩን ለማየት የአየር ሲሊንደር አያስፈልግም። የውኃ መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦና እግር ላይ የሚጠለቅ መቅዘፊያ ይበቃል፤ ዓሣው የሚበላው ከውኃው ገጽ አጠገብ ነውና። ብዙ ጎብኚ በጀልባ ይሄዳል። እኔ ግን ከተቻለ በእግር መግባቱን እመርጣለሁ፤ እዚህ ከታዩት ሻርኮች ብዙዎቹ ገላቸው ላይ የጀልባ ሞተር ጠባሳ አለባቸው። በብዙ አገሮች የተለመደው ደንብ ከገላው 3፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅ ነው። መንካት ክልክል ነው። ጅራቱ ሰው ለመጉዳት ሳያስብም ይመታል።

በጀርባው ላይ የተዘራው ነጭ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ተመራማሪዎች የነጠብጣቡን ፎቶ የሚያመሳስሉት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የከዋክብትን ሥዕል ለማነጻጸር በሠሩት ስሌት ነው። በፎቶ የተመዘገቡት የታጁራ ሻርኮች አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች መሆናቸው ታውቋል፤ ርዝመታቸውም በአብዛኛው ከ5 ሜትር አይዘልም። ሙሉ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ግን ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እርጉዞቹ እናቶች እምብዛም አይታዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ታይዋን ላይ የተያዘችው አንዷ በሆዷ 300 ያህል ግልገሎች ተሸክማ ነበር።