አዲስ የተወለደ አሮጌ ሽጉጥ

ጎንደር ውስጥ የሽጉጥ ወሬ ከተነሣ መቅደላ ሳይደርስ አይቆምም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጠጡት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ እንደነበር ልጅ አዋቂው ያውቃል። የማይነሣው ስጦታው የመጣበት ምክንያት ነው። በሽጉጡ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ፣ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የምስጋና ምልክት የሚል ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ግን ስጦታው ከመድረሱ በፊት፣ በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አጠገብ በሸፈቱ ሰዎች ቆስሎ፣ ቤዛ ተከፍሎለት፣ ከተማዋ ውስጥ ሞቷል።

የደጋው ሰው ብረት የሚመዝነው እንዲህ ነው። ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ውጅግራ ወይም ሰናድር የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ቢወጣ፣ ሽማግሌው አስቀድሞ የሚጠይቀው “የማን ነበር?” ብሎ ነው። ፋብሪካው ኋላ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም አይመጣም።

ታዲያ ባለቤት ኖሮት የማያውቅ፣ ዘንድሮ ተሠርቶ የቴዎድሮስን ዘመን የሚመስል ሽጉጥ በምን ይለካል? እንዲህ ያለውን የሚሰበስቡ ሰዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ናቸው። ዋናው መነሻ የአሜሪካዊው ኮልት የ1851 ሞዴል ስድስት ጎራሽ ነው። ቀልሃ የለውም። ከበሮው ላይ ካሉት ስድስት ጉድጓዶች በእያንዳንዱ ጥቁር ባሩድ ይፈሳል፤ በላዩ ድቡልቡል እርሳስ ይቀመጣል፤ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ዘንግ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ ከኋላ ደግሞ እንደ ምስር የምታንስ የመዳብ ቆብ ትደፋለች። መዶሻው ቆቧን ሲመታ እሳቱ ወደ ባሩዱ ይዘልቃል። የእርሳሱ አፍ በሞራ ካልተቀባ ብልጭታው ወደ ጎረቤቱ ጉድጓድ ተሻግሮ ሁለት ሦስቱ በአንዴ ሊተኮስ ይችላል፤ እጅ የሚያሳጣ ጥፋት ነው። ጥንቁቁ ሰው አምስቱን ብቻ ይሞላል፤ መዶሻውንም ባዶው ላይ ያሳርፋል።

ቅጂው የሚመጣው ከሰሜን ጣሊያን፣ ከጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያና ከአካባቢው ነው። ኡበርቲ የሚባለው ሠሪ መንደሩ ጋርዶኔ ነው፤ ፒዬታ የሚባለው ደግሞ ከሸለቆው ወጣ ብሎ ጉሳጎ ላይ ነው። ቤሬታም እዚያው ጋርዶኔ ሸለቆ ውስጥ በ1526 እ.ኤ.አ. የጠመንጃ አፈሙዝ ይሸጥ ነበር፤ እኛ ሽምብራ ኩሬ ላይ የባሩድን ጉልበት ያየነው ከዚያ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ነው። የኮልት ቅጂ የተጀመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መቶኛ ዓመት መቃረቡ ገበያ ከፈተለት።

ዋጋውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጌጡን ሳይሆን ትንሿን ማኅተም ነው። የጣሊያን መንግሥት የፍተሻ ቤት እያንዳንዱን መሣሪያ ፈትኖ ዓመቱን ይመታበታል፤ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው በሮማውያን ቁጥር፣ ከ1975 ጀምሮ በሁለት ፊደል። ቀጥሎ የቁጥሮቹ መግጠም፣ የሰማያዊው ቀለም ጤንነት፣ ተተኩሶበት አለመተኮሱ፣ ሳጥኑ መኖሩ ይታያል። ቅጂው በመቶዎች ዶላር ሲሸጥ ጥሩ ኦሪጅናል ብዙ ሺህ ያወጣል። አንዳንዱ ማኅተሙን በሞረድ ፍቆ፣ ብረቱን በአሲድ አዝጎ አሮጌ የሚያስመስለውም ለዚህ ነው። እኔን ከቅጂው ይልቅ የሚያስቀይመኝ ይኸ ነው። በቅጂነቱማ ምን ነውር አለበት? አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው የሴባስቶፖል መድፍም ቅጂ ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው መቅደላ ተራራ ላይ ቀርቷል፤ ቅጂውን እውነተኛው ነው ብሎ የሸጠልን ግን የለም።

አሜሪካ እነዚህን ቅጂዎች ከጦር መሣሪያ ሕጓ ያወጣቻቸው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንዳጋጣሚ ሆኖ ከመቅደላ ልክ መቶ ዓመት በኋላ። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ዛሬም በፖስታ፣ እስከ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ዋሽንግተን ያለ ጎንደሬ አንዱን ገዝቶ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቢሰቅል ብዙም የሚጠይቀው የለም። ለአጎቱ ስጦታ ብሎ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ቢወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው።