ሐይቅን የሚያይ ትንበያ

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። ከከተማዋ አጠገብ ያለው ሐይቅ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሻገር የአምባሰል ገደል ተገትሯል። ለመሆኑ ወዳጆቼ፣ የአየር ትንበያው ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ያየዋል?

መልሱ እንደ ካሬው ነው። የትንበያ ፕሮግራም ምድርንና ሰማይን በካሬ ከፋፍሎ በየካሬው ነፋሱን፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን ያሰላል። የካሬው ጎን 25 ኪሎ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 625 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሐይቁ፣ ገደሉ፣ ደጋውና ቆላው ተጨፍልቀው አንድ አማካይ ይሆናሉ። ጎኑ ወደ 1.1 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ግን ሐይቁ ብቻውን 19 ያህል ካሬ ይደርሰዋል። በልግን ተማምኖ ለሚዘራ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ካሬው ለምን አይጠብም? ጎኑ በግማሽ ሲያንስ ካሬዎቹ 4 እጥፍ ይሆናሉ፤ የስሌቱ የጊዜ እርምጃም በግማሽ ስለሚያጥር ሥራው 8 እጥፍ ይከብዳል።

ጂፒዩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለጌም ምስል የተፈለሰፈው ይህ ቺፕ ደቦ ማለት ነው፦ እያንዳንዱ አጫጅ እንደ ኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ እንደ ሲፒዩው ፈጣን ባይሆንም ሺዎች ሆነው በአንዴ ይወርዱበታል። በየካሬው የሚሠራው ስሌት አንድ ዓይነት ስለሆነም ሥራው ይስማማቸዋል።

አስቸጋሪው ኮዱ ነው። አብዛኛው ለሲፒዩ ታስቦ ፎርትራን በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። የስዊዘርላንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ኮስሞ የተባለውን ሞዴሉን ወደ ጂፒዩ አዛውሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ለዕለት ተዕለት ትንበያ አዋለው። የአየሩን እንቅስቃሴ የሚያሰላው ክፍል ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለ ሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ ደመናንና ጨረርን የሚያሰላው ፎርትራን ደግሞ ኦፕን ኤሲሲ በሚባሉ ትእዛዞች ወደ ጂፒዩ ተመራ። ግማሹን ለሲፒዩ መተው ለምን አልበቃም? በሲፒዩውና በጂፒዩው ማስታወሻዎች (ሜሞሪ) መካከል መረጃ ማመላለስ ዝግ ያለ ነው፤ በየእርምጃው ከተመላለሰ የተገኘውን ፍጥነት ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይኸው ሞዴል በ4,888 ጂፒዩዎች ከሞላ ጎደል የመላዋን ምድር አየር ጎኑ 930 ሜትር በሆነ ካሬ አሰላ፤ በዚያ ፍጥነት የአንድ ዓመት አየርን ማስላት 23 ቀን ገደማ ይወስዳል።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚጠቀምበት ደብሊው አር ኤፍም የፎርትራን ሞዴል ነው፤ በጂፒዩ የሚሠራ ቅጂም ወጥቶለታል። ነገር ግን ጂፒዩ ካሬ ያጠባል እንጂ ዝናብ አይለካም፤ ስሌቱ የሚነሳው ከጣቢያና ከሳተላይት ልኬት ነው። ስለዚህ ስልካችሁ «ነገ ሐይቅ ይዘንባል» ሲላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ካሬው ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ቅርቡ የልኬት ጣቢያስ የት ነው?